የተጣለው ኤሞስ ታንዲ

ሲሪል ታንዲ የወንድሙን ቤት ደጃፍ በረገጠ ቁጥር መጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፈው ያ የተረገመ ክፈፍ ላይ ነበር። ኖርማን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በወርቅማ ቀለም አስጽፎ፣ በመስተዋት አስገብቶ፣ ካፖርት መስቀያው አጠገብ ሰቅሎታል፤ ካፖርቱን የሚያወልቅ እንግዳ ሁሉ ወደደም ጠላም እንዲያነበው። ከላይ ማንም ያልሰጣቸው አርማ ተሥሏል። ከአርማው ሥር «ኤሞስ ታንዲ፣ የብረታ ብረት ነጋዴ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከጎኑ የሰውዬው መቃብር ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ከነጭ ድንጋይ የተጠረበ፣ ከአጥር ውጭ ሳይቀር የሚታይ ረጅም ሐውልት ነው።

ውሸት ነው። ሲሪል ይህን ስንት ጊዜ ተናገረ! ግን ሲሪል ሲናገር ማን ሰምቶት ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅድመ አያታቸው ዘመን ሃምበርሊ በምትባለው ከተማቸው ሁለት ኤሞስ ታንዲዎች ነበሩ፤ የወንድማማች ልጆች። አያታቸው ኤሞስ ይባል ስለነበር ሁለቱም አባቶች የበኩር ልጃቸውን በአያቱ ስም ጠሩት፤ የዚያን ጊዜ ሰው አዲስ ስም ማውጣት እንደ ብክነት ሳይቆጥረው አይቀርም። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተወለዱ፣ በአንድ ገንዳ ተጠመቁ። አንደኛው ሱቅ ከፍቶ ሚስማርና ማጠፊያ ሸጠ፣ በቤተ ክርስቲያን የፊተኛውን ወንበር ያዘ፣ ወፈረ፣ ሞተ፣ ሐውልት ቆመለት። ሁለተኛው እርሳስ ሠሪ ነበር፤ እርሳስ የተባለውን ማዕድን አቅልጦ፣ ዳምጦ፣ የቤተ ክርስቲያንና የትልልቅ ቤቶችን ጣሪያ የሚያለብስ። ሚስቱ ሐና ትባላለች። የሲሪልና የኖርማን አያት ከዚህች ሐና ማሕፀን ነው የወጣው። የክርስትናው መዝገብ፣ የጋብቻው ወረቀት፣ የሕዝብ ቆጠራው ሁሉ በአንድ አፍ ይህንኑ ይላሉ። የሱቁ ኤሞስማ ጭራሽ ልጅ አልወለደም! ኖርማን ያን ሁሉ ቅርንጫፍ በወርቅ ቀለም ያንጠለጠለው በመካን ሰው ላይ ነው።

ሲሪል ይህን ያገኘው በቀላሉ አይደለም። የአውቶቡስ መሪ ጨብጦ አርጅቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ክረምት ክረምቱን በአውራጃው መዝገብ ቤት ዐይኑ እስኪደማ አፍጥጦ ነው። እዚያ ያሉት ልጆች መጀመሪያ ጊዜ እንደ ጠፋ ሰው ነበር ያዩት። «መጸዳጃ ቤቱ በግራ በኩል ነው» አለችው አንዷ፣ ገና አፉን ሳይከፍት። እሱ ግን ተመለሰ። ኖርማን በበኩሉ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ፣ ከማያውቀው ሰው የዘር ሐረግ ላይ ቀድቶ ጨረሰ። የሚያምረውን ኤሞስ መረጠና አበቃ።

ኖርማን ከልጅነቱም የሚያምረው ነገር የእሱ ነው። ፈተና አልፎ የተመራጮች ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ኮት መገዛት ነበረበት፤ አባታቸው የሲሪልን ብስክሌት ሸጦ ገዛለት። ሲሪል የዚያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ሸክላ ፋብሪካ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ድረስ በእግሩ ሄደ፤ በዝናብም በበረዶም። ኮቱ ክረምት ሳይወጣ ጠበበ። ብስክሌቱ ግን እስከ ዛሬ ከሲሪል አንጀት አልወጣም።

ሲሪል ሰባ አራት በሞላበት ዓመት በጸደይ ሌቦች የሃምበርሊን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በሌሊት ገፈው የእርሳሱን ግማሽ ይዘው ጠፉ። ደብሩ የቀረውን ራሱ አውርዶ ለማቅለጫ ሊሸጥና ጣሪያውን በብረት ሊያለብስ ወሰነ። ሲሪል ይህን ሲሰማ ጉልበቱን እየረገመ የደወል ማማውን ጠመዝማዛ ደረጃ ወጣ። ላይ ፎርማኑ አገኘው፤ ሌን የሚባል፣ ፊቱ በነፋስ የቀላ ሰው።

«ወዴት ነው አባት? መንግሥተ ሰማያት ገና ነው፤ በዚህ በኩልም አይወጣም» አለው።

«ስም ፍለጋ ነው። ኤሞስ ታንዲ የሚል አይተሃል?»

ሌን ሳቁን ተወ። «የጫማው ሰውዬ? ና፣ ቀስ ብለህ ርገጥ።»

የእርሳስ ሠሪዎች ወግ ነው። ጣሪያ አልብሰው የጨረሱ ቀን የመጨረሻው ንጣፍ ላይ እግራቸውን አሳርፈው፣ የጫማቸውን ዙሪያ በሚስማር ይጭሩና ስማቸውን ከውስጡ ይጽፋሉ። ከርግብ በቀር ማንም አያየውም፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ጣሪያውን ሊጠግን የሚወጣ ሌላ እርሳስ ሠሪ ካልሆነ። ሲሪል ይህን ያውቅ ነበር፤ የቅድመ አያቱ ጫማ እዚህ እንዳለ ግን አላወቀም።

በሰሜኑ በኩል፣ ከግንቡ ሥር፣ አፍንጫው አራት ማዕዘን የሆነ ቦቲ ተጭሯል። ተረከዙ ወደ ውጭ ተበልቷል። በውስጡ «ኤ. ታንዲ፣ እርሳስ ሠሪ፣ 1869» ይላል። ሲሪል ተንበረከከና በጣቱ ዳበሰው። በዚያ ሁሉ ክረምት ያገኘው ሌላ ሰው ስለ ኤሞስ የጻፈውን ብቻ ነበር፤ ቄሱ፣ ቆጣሪው፣ ሐኪሙ። ኤሞስ በገዛ እጁ የተናገረው ይህ ብቻ ነው።

«ሐሙስ ጠዋት እርሳሱን የሚጭነው መኪና ይመጣል» አለ ሌን። «እኔማ ቆርጬ ባስቀርልህ ደስ ባለኝ። ግን የደብሩ ዕቃ ነው፤ ቄሷን ጠይቅ።»

ቄስ ሂላሪ ቀልጣፋ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ሲሪል ቤታቸው ሲደርስ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ጽጌረዳ ይከረክሙ ነበር።

«ሚስተር ታንዲ፣ ነገሩ ግራ አጋባኝ» አሉት። «ፎርማኑ ጫማውን እንዳየ ነገረን። የደብሩ ምክር ቤትም ለቤተሰቡ ይሰጥ ብሎ ተስማምቶ ነበር። ወንድምዎ የምክር ቤቱ አባል አይደሉ? በስብሰባው ላይ እዚያው ነበሩ። ስንጠይቃቸው ‹የኛ ኤሞስ ነጋዴ ነው፤ ይሄ እኛን አይመለከተንም› አሉ።»

ሲሪል ወደ ቄሷ ጠጋ አለ። «ኖርማን? ጫማውን አይቶ?»

«ፎቶግራፉን አይተውታል።»

«እና ዝም ብሎ ወደ ማቅለጫ ይሂድ አለ?»

«እንደዚያ አላሉም። የኛ አይደለም ነው ያሉት። እኔ ደግሞ አንዱ ወንድም የኔ ነው፣ ሌላው አይደለም እያለ የደብሩን ንብረት ማንሣት አልችልም። እሳቸው ቃላቸውን ያስተካክሉና ይደውሉልኝ። እስከ ረቡዕ ማታ።»

ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

ሲሪል ወደ ኖርማን ቤት ሲሄድ ከራሱ ጋር እየጮኸ ነው የሄደው። በአውቶቡሱ ላይ ያለች ሴት ልጇን ወደ ሌላ ወንበር አዛወረች። በሩን የከፈተችለት ሞሪን ናት፣ የኖርማን ሚስት። ፊቱን አይታ «ወይ አምላኬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» አለችና ሻይ ልትጥድ ገባች፤ ሞሪን ቤቱ ቢቃጠልም መጀመሪያ ሻይ ትጥዳለች።

ኖርማን ባለ መደገፊያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ይዟል።

«ጫማውን አይተኸዋል አሉ» አለ ሲሪል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ።

«አየሁት።»

«እና?»

«ጫማ ነው።»

«የማን ጫማ?»

«የአንድ ጣሪያ ሠሪ። ቁጭ በል፣ ምንጣፉን አታጨቅይብኝ።»

«የቅድመ አያትህ ጫማ ነው፣ አንተ ከይሲ! እሱ ከሐና ጋር ባይተኛ ኖሮ ያንን የተነፋ አፍንጫህን ከየት ታመጣው ነበር? ከሚስማር ሱቅ?»

«ሲሪል!» አለች ሞሪን ከማድ ቤት።

ኖርማን ጋዜጣውን አጠፈ። ቀስ ብሎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ነው ያጠፈው፤ ያ ቀስ ማለቱ ነው ሁልጊዜ የሲሪልን ቆሽት የሚያሳርረው።

«የነገርከኝ ሁሉ እውነት መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ካወቅሁ ቆየሁ። የሞት የምስክር ወረቀቱንም አስልኬ አይቼዋለሁ።»

ሲሪል እስከዚያች ቀን ወንድሙ የሚሳሳተው ሞኝ ስለሆነ ነው ብሎ ነበር። ሞኝ ቢሆን ይሻል ነበር።

«አውቀህ?»

«አውቄ። የት እንደሞተ አንብቤያለሁ። እንዴት እንደሞተም።»

ሲሪል ያንን በቃሉ ያውቀዋል። እርሳስ ሠሪን እርሳሱ ይበላዋል፤ በጭሱ በአፍንጫ፣ በምግቡ በአፍ ይገባል። መጀመሪያ ሆድ ይቆርጣል፣ ከዚያ የእጅ አንጓ ይከዳል። ኤሞስ እጆቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለው ማንኪያ ማንሣት አቃተው። ሐና የሰው ልብስ አጥባ ልታኖረው ሞከረች፤ አልቻለችም። በመጨረሻ ራሱን መመገብ ያልቻለ ሁሉ የሚጣልበት የድኾች ማጎሪያ አስገቧቸው፤ ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ እዚያ ሞተ። ጣሪያውን ያለበሰለት ቤተ ክርስቲያን ለመቃብሩ ድንጋይ አላቆመለትም።

«ታዲያ ካወቅህ እንዴት ትክደዋለህ?»

«ያ ቤት ምን እንደሆነ ረሳኸው?» አለ ኖርማን። «ስሙን ቀይረው የአዛውንት ሆስፒታል አሉት እንጂ ያው ጡብ ነው፣ ያው በር ነው። እማማን ወስጄ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በሩ ላይ እጄን ይዛ ‹የኛ ኖርማን፣ እባክህ፣ ይሄ እኮ የድኻ ማጎሪያው ነው› አለችኝ። ‹ሆስፒታል ነው እማማ› አልኳት። እዚያው ሞተች። እና አሁን አንተ መጥተህ ያንን ቤት ግድግዳዬ ላይ ስቀለው ትለኛለህ።»

«የፈረምከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። አንተስ የት ነበርክ? ኮርሰር ጎዳና ያለው ቤትህ ትርፍ ክፍል ነበረው። ውሻ አስተኝተህበት ነበር!»

«ውሻው ታሞ ነበር» አለ ሲሪል።

ሞሪን የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሲሪል ሊመታው ፈልጎ ነበር፤ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶት ወንድሙን በቡጢ አፍንጫው ላይ። ግን መኪናው ሐሙስ ይመጣል።

«ቄሷ ጋ ደውል» አለ። «የኛ ነው በል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«እደውላለሁ» አለ ኖርማን። «ግን አንድ ነገር አለ። ማጎሪያው ከአፍህ አይወጣም። እጆቹም። ለዘመድም፣ ለቄሷም፣ ለማንም። እርሳስ ሠሪ ነበር፣ ጎበዝ ነበር፣ ሞተ። በቃ። ዝም ትላለህ።»

ሲሪል ጥርሱን ነከሰ። እውነቱን ከያዘ ጫማው ይቀልጣል፤ ጫማውን ካዳነ አሟሟቱን ይቀብራል። ኤሞስን በግማሹ ሊሰጡት ነው የሚደራደሩት። ከምንም ግማሽ ይሻላል ብሎ ራሱን አሳመነ፤ በዕድሜው ሙሉ ሲሰጠው የኖረውም ያው ግማሽ ነው።

«እሺ።»

«ተጨባበጡ» አለች ሞሪን። «እኔ አይቻለሁ። አሁን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጡና አንዳችሁም አትናገሩ።»

ኖርማን ደወለ፤ ቃሉን ጠበቀ፣ ይህን ሲሪልም አይክድም። ሐሙስ ጠዋት ሌን ንጣፉን በመቁረጫ ዙሪያውን ቆርጦ፣ ከሌላ ሠራተኛ ጋር በገመድ አወረደው። የጠረጴዛ ያህል ነው፤ ክብደቱ ግን የበሬ። የቀረው ተጠቅልሎ መኪና ላይ ተጫነ። ቁራጩ ወደ ኖርማን ቤት እንዲሄድ ተወሰነ፤ ኖርማን ምድር ቤት ነው የሚኖረው፣ ሲሪል ሁለተኛ ፎቅ። እንደዚህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ አዝማዱ በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ተሰበሰበ። እርሳሱ ወደ ኖርማን ቤት ከመሄዱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ኬክ ነበር፣ ሻይ ነበር፣ የኖርማን ሴት ልጅ ከነባሏ ነበረች። ሰው ሁሉ ጫማውን በጣቱ እየዳበሰ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ባለፈው እሑድ አንዳቸውም ስሙን መስማት አይፈልጉም ነበር።

ኖርማን ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። መነጽሩን አደረገ።

«ለብዙ ዓመታት ባደረግሁት ምርምር» ብሎ ጀመረ።

ሲሪል የሻይ ሲኒውን ከአፉ መለሰ። ባደረግሁት! ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ የደማ ዐይን፣ «መጸዳጃው በግራ ነው» የተባለው ማን ሆኖ ነው? ብስክሌቱ ታወሰው። ሆኖም ዝም አለ፤ ተጨባብጧል።

ኖርማን ቀጠለ። እጁ ለሥራ የሚያሳክከው ለካስ ከኤሞስ ወርሶ ነው። የቧንቧ ላስቲክ እንኳ ቀይሮ የማያውቀው ኖርማን! ሲሪል ይህንንም ዋጠ። ኖርማን ወረቀቱን ገልብጦ፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦

«ጌታችን ሥራውን ባርኮለት፣ ዕድሜ ጠግቦ፣ በሚስቱና በልጆቹ መካከል በሰላም አረፈ።»

ሲኒው ጠረጴዛው ላይ ጧ አለ።

«በማን መካከል?» አለ ሲሪል።

ሰው ሁሉ ዞረ። ኖርማን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየው። «ሲሪል፣ ተስማምተናል።»

«ዝም ልል ነው የተስማማሁት። አንተ እንድትዋሽ አልተስማማሁም!» ተነሣ። ድምፁ ጓዳውን ሞላው። «ዕድሜ ጠገበ? አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር! በሚስቱ መካከል? ሚስቱን በግንብ ነጥለው በሌላው ክፍል ነበር ያኖሯት! ይህን ጣሪያ ያለበሰ እጅ እንዲህ» — ሁለት እጆቹን ከአንጓቸው ጥሎ አንጠለጠላቸው — «እንዲህ ሆኖ፣ ሾርባ የሚያጎርሰው አጥቶ፣ እዚያ ቀይ ጡብ ቤት ውስጥ ነው የሞተው። በድኻ ማጎሪያው! እርሳሱ ነው የገደለው፣ ይሄ እርሳስ፣ እናንተ አሁን በጣታችሁ የምታሻሹት። ኬካችሁን ብሉ!»

ሁለት ሴቶች ጣታቸውን ከእርሳሱ ላይ አነሡ። የኖርማን ልጅ «አባዬ፣ አያቴ የሞተችበት ቤት አይደለም?» አለች፣ ቀስ ብላ፤ ግን ሁሉም ሰማት።

ኖርማን ወረቀቱን አጠፈ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ሊገጥም ሞከረ፣ አልገጥም አለው። «ደስ አለህ?» አለ።

«አዎ!» አለ ሲሪል። ዋሸ።

ሞሪን ካፖርቷን አነሣች። ዘመዶች ሲኒያቸውን እያስቀመጡ፣ ሲሪልን ላለማየት ወለሉን እያዩ መውጣት ጀመሩ። ቄስ ሂላሪ ግራ ተጋብተው በመካከል ቆመው ነበር። «ታዲያ ይህ ወዴት ይሂድ?» አሉ እርሳሱን እያሳዩ።

«እኔ ቤት አይገባም» አለ ኖርማን ከበሩ ላይ ሆኖ።

«ማን ለመነህ!» አለ ሲሪል። «እኔ ቤት ይገባል። ራሴ እወስደዋለሁ።»

በሁለት እጁ ጠርዙን ያዘና ወደ ላይ ሳበ። እርሳሱ አልተነቃነቀም። እንደገና ሳበ፤ ጠረጴዛው ተንቋቋ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ቄሷ «ሚስተር ታንዲ፣ እባክዎን፣ ልብዎን!» አሉ። አልለቀቀም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲስብ አንደኛው ጫፍ ትንሽ ተነሣና መልሶ ጣቱ ላይ ወደቀ፤ ከአፉ የወጣው ቃል በቤተ ክርስቲያን የሚባል አይደለም።

ከበሩ በኩል የእግር ኮቴ ተመለሰ። ኖርማን ነው፤ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ፊቱ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ። በጠረጴዛው በሌላኛው በኩል ዞሮ ጠርዙን ያዘ።

«ምን ልትሆን መጣህ?» አለ ሲሪል።

«አንሳ።»

«እርዳኝ አላልኩህም።»

«አንሳ አልኩህ! ሞሪን መኪና ውስጥ ሆና ‹እዚያ ውስጥ ሲሞት ቀባሪው ማን ሊሆን ነው?› ትለኛለች። ፎቅህ ድረስ አደርስልሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅህም፣ አታውቀኝም።»

«በጉልበትህ ደረጃ ትወጣለህ?»

«አንተ ከወጣህ እኔ ምን አጣሁ?»

አነሡት። ሁለቱም አቃሰቱ። በጓዳው በር ላይ ደርሰው ቆሙ፤ አንዳቸው ወደ ኋላ መሄድ ነበረባቸው።

«አንተ ዙር» አለ ሲሪል።

«አንተ ዙር። የተሸከምከው ያንተ ነው።»

«የኛ ነው! የኛ ነው በል!»

ኖርማን በቁጣ አፈጠጠበት። እርሳሱ ከእጁ ሊያመልጥ ሆነ፣ በጭኑ ደገፈው።

«የኛ ነው፣ አንተ ግትር ሽማግሌ» አለ በጥርሱ መካከል። «አሁን መንገዱን ልቀቅ፣ እጄን እየቆረጠኝ ነው።» ዞሮም በጀርባው መውጣት ጀመረ።